የእግር ውኃ

ለገና ወደ ላሊበላ የሚመጡ ተሳላሚዎች ማረፊያ የሚይዙበትን ድረ ገጽ ሠርቼ፣ ሕዝብ ሲበዛበት ይችል እንደሆነ እየፈተንኩ ነበር። ኮምፒውተሩ የሐሰት እንግዶችን በሺህ ሲልክ፣ ለሁሉም የሟች ወንድሜን ስም ሰጠኋቸው፤ አረጋ። ስሙን ደጋግሜ ማየት አማረኝ።

ለካ የአከራይ ብዬ ለሙከራ ያስገባሁት ስልክ ቁጥር የእናቴ ኖሯል። «እንግዳዎ አረጋ መንገድ ላይ ናቸው» የሚል መልእክት ደረሳት።

ፈተናውን አቁሜ ሮጬ ቤት ስደርስ፣ የእንግዳ እግር የምታጥብበትን ሳፋ ይዛ ደጃፍ ተቀምጣለች።

«እማዬ፣ የሚመጣ ሰው የለም። የኔ ስሕተት ነው» አልኳት።

እርጥቡን ፎጣ ጨመቀችው።

«ባዶ እግሩን መጣኮ፣ እየሩስ ልጄ! ምነው ጫማ እንኳ ሳታደርጉለት መቅበራችሁ?»

ሳፋው ውስጥ ያለው ውኃ በቀይ አፈር ደፍርሷል።