የሾፌሩ በር ጎማ

ልጆቼ፣ እጁ የተባረከ አንድ ጎማ ሠሪ ነበር። አንድ ባለመኪና ያመጣው የአሮጌ ጂፕ የበር ጎማ፣ የበሩን ጠርዝ የሚያሽገው ማለት ነው፣ ከገበያ ከጠፋ ዘመን ስላለፈው፣ የነተበውን አውልቆ፣ የጎደጎደውን በሰም ደፍኖ፣ ቅርጹን በጀሶ ወስዶ አዲስ ሊያፈስ ተስማማ።

የሾፌሩ በር ጎማ ላይ እንደ ጣት የተጋደሙ አራት ስርጉዶች ነበሩ። በሰም ሞላቸው። አዲሱ ጎማ ከጀሶው ሲወጣ ግን አራቱም ቦታቸው ላይ አሉ። ደግሞ ሠራ፤ ደግመው መጡ።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፣ ጋሼ» አለው ባለመኪናውን እየሳቀ። «ይሄ ጎማ ቂመኛ ነው!»

ባለመኪናው አልሳቀም። አንገቱን አንቆ ከግድግዳው ጋር አጣበቀው።

«ማን ነገረህ? ወንድሜ አላስነዳህም ብሎ በሩን ሲይዝ፣ ጣቶቹ ላይ ዘግቼ ዳገቱን ሙሉ ጎተትኩት። ወድቆ ሞተ ብዬ አልቅሼ ቀበርኩት። ነገ ልጁ የአባቱን መኪና ሊወስድ ይመጣል። ይሄን ምልክት ቢያይ መጀመሪያ የምገድለው አንተን ነው!»

ጎማ ሠሪው ሦስተኛውን አፈሰሰ። እንደ መስታወት ለስልሶ ወጣ። ወዲያው በሩ ላይ ገጠመው።

«እንዲህ ነው እንጂ፣ ወንድሜ!» አለ ባለመኪናው። ደስ ብሎት፣ ሁለት እጆቹን ኪሱ ውስጥ እንደከተተ፣ በሩን በእርግጫ ዘጋው።

ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚወጣ ዓይነት ድምፅ ተሰማ። ሰውየው እየጮኸ ቀኝ እጁን ከኪሱ መዘዘ። እጁ ደም በደም ነበር።

ጎማ ሠሪው በሩን ከፈተው። አራት ጣቶች አንድ በአንድ እግሩ ሥር ወደቁ።