ያልታዘዘኝ እጅ

ምላጩ የጋሽ ነርስ ጉሮሮ ላይ እያለ አውራ ጣቴ ዘለለ። እኔ አላዘዝኩትም።

«ቆረጥከኝ እንዴ?» አሉ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

«ኧረ አልነካሁዎትም!»

ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ፀጉር ቤቴ መጥቶ አንገቱን የሚሰጠኝ ይህን እጅ አምኖ ነው። ልጆቼን ያሳደግኩት በሱ ነው። ምላጩን መልሼ ሳነሳ ግን ጣቶቼ ብርድ እንደመታው ሰው ተንቀጠቀጡ።

ጋሽ ነርስ ጡረታ ቢወጡም ነርስነቱ አልለቀቃቸውም። እጄን ያዝ አደረጉኝ። «ምላጩን አስቀምጠውና ቁጭ በል፣ ልጄ።»

«ድካም ነው፣ ጋሼ።»

«እሱን ለኔ ተወው። ሌሊት ባትህን ይጨመድድሃል?»

«ያስጮኸኛል እንጂ! ሚስቴ ሰፈሩን ቀሰቀስከው ትላለች።»

«ዓይንህስ ይርገበገባል?»

«እንዴታ! እሷማ እንግዳ ሊመጣ ነው ብላ ቤት ስትጠርግ ከረመች።» ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

«መድኃኒት ትወስዳለህ?»

«የጨጓራ ኪኒን ብቻ። የታዘዘልኝ ለአንድ ወር ነበር። ሲስማማኝ ጊዜ እየገዛሁ ቀጠልኩበት። አራት ዓመት ሆነኝ።»

«ወይ ጉድ! ለራስህ ሐኪም ሆነሃል በለኛ!»

ከቦርሳቸው የደም ግፊት መለኪያቸውን አወጡ፤ ሰፈሩን ሁሉ በሱ ነው የሚለኩት። ክንዴ ላይ ጠቅልለው ነፉት። ሌላ ጊዜ ወዲያው ያስተነፍሱታል። ዛሬ እንደተነፋ ትተውት ሰዓታቸውን ያያሉ። አንድ ደቂቃ። ሁለት።

ሦስት ሳይሞላ አውራ ጣቴ ወደ መዳፌ ገባ። ሌሎቹ ጣቶቼ ቀጥ እንዳሉ ተጣበቁ፤ አንጓዬም ታጠፈ። ልዘረጋው ታገልኩ፣ እምቢ አለኝ።

«ጋሼ፣ እጄ! እጄን ምን አገኘው?»

አስተነፈሱት። «ክንድ ታስሮ ሲቆይ እጅ እንዲህ ከታጠፈ፣ ማግኒዥየም የሚባለው ማዕድን ከደምህ ሳያንስ አልቀረም። ያ ኪኒን ብዙ ሲቆይ እንዲህ ያደርጋል። ምርመራው ይለየዋል።»

ሁለት ጣታቸውን አንጓዬ ላይ አሳርፈው መቁጠር ጀመሩ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ቆመ። ቀጠለ። እንደገና ቆመ።

«እጄ ይመለሳል አይደል፣ ጋሼ?»

«የእጅህስ ቀላል ነው።» ጨርቁን ከአንገታቸው ራሳቸው ፈትተው ተነሱ። «ልብህ ምት እየዘለለ ነው። ተነስ፣ ሆስፒታል እንሂድ። አሁኑኑ።»

«ጋሼ፣ ግማሹ ጢምዎ ቀረ እኮ» አልኩ።

«ይቅር።»

ክንዴን ይዘው በሩን ከፈቱት። አረፋው ከጉንጫቸው ኮታቸው ላይ ይንጠባጠባል፤ አልጠረጉትም።