ከማን ያዘኝ?

ለዓመታት ችፌ ነው እየተባልኩ ቅባት ስቀባ ኖርኩ። በመጨረሻ ከጭኔ ላይ ቁራጭ ቆዳ ወስደው መረመሩና የቆዳ ሊምፎማ ነው አሉኝ፤ ካንሰር። ደሜ ውስጥም አንድ ቫይረስ ተገኘ።

«በሽታውን ያመጣው እሱ ሊሆን ይችላል፤ እርግጠኛ ግን አይደለሁም» አለች ሐኪሟ። «ኤችአይቪ አይደለም፤ አትደንግጪ። ከባልም ይተላለፋል፣ ከእናት ጡትም።»

እኔ የሰማሁት ባል የሚለውን ብቻ ነው። ባሌ ደምሰው ለመንገድ ሥራ ሰመራ ሄዶ ይከርማል። ስልኩን በረበርኩ፣ ሸሚዙን አሸተትኩ፣ አልጋ ለየሁ።

«ንጹሕ ከሆንክ ተመርመራ!» አልኩት።

በማግስቱ ሄዶ ተመረመረ። ነፃ ሆነ።

«እንግዲያው እናትሽን አምጫቸው» አለች ሐኪሟ።

እማዬ ከታናሽ እህቷ ከዘርፌ ጋር መጣች። አክስቴ ዘርፌ ባል ሳታገባ፣ ልጅ ሳትወልድ እኛው ቤት ያረጀች ሴት ናት፤ በአዳማ ሙቀት እንኳ ሹራቧን አታወልቅም።

የእማዬም ደም ነፃ ሆነ።

ሐኪሟ ውጤቱን አስቀምጣ እማዬን ትክ ብላ አየቻት። «ልጅዎን ያጠቧት እርስዎ ነዎት?»

«እሷ ናታ! ሌላ ማን ያጠባኛል?» አልኩ እኔ።

እማዬ ግን ዓይኗን ከእኔ አሸሸች።

አክስቴ ከአግዳሚው ተነሳች። ሹራቧን አውልቃ ደም የሚቀዳበት ወንበር ላይ ተቀመጠችና ክንዷን ዘረጋች። ጭኔ ላይ ያለው ዓይነት ቀይ ሽፍታ እስከ ትከሻዋ ወጥቶበታል።

«የእኔን ቅዱት» አለች፣ እኔን ሳታየኝ።