የሻንካ ጸሎት

ትርንጎ ዳቦውን ቆርሳ ሻይ ቀዳች። ባሏ ሻንካ ከሞተ ወዲህ በየጠዋቱ ማዕዱን የምትባርከው የሰባት ዓመት ልጃቸው ምንታምር ናት፤ አባቷ ባስተማራት ጋሞኛ።

ዛሬ ግን ልጅቷ ዝም ብላ መብላት ጀመረች።

«መጀመሪያ ባርኪ እንጂ፣ የኔ እመቤት!»

«በምን ልባርክ?»

«በአባባ ቋንቋ ነዋ!»

«ትናንት ቀበሌ ያንን ሽቦ ያለበት ቆብ ሲያጠልቁልኝ የአባባ ቋንቋ ከጭንቅላቴ ወጣ እኮ። አንቺው አይደለሽ የፈረምሽው?»

ትርንጎ ክው አለች። «አንድ ልጅ፣ አንድ ብሔር» የሚለውን አዲስ ሕግ ሰምታለች፤ መዝገብ ላይ ብቻ የሚጻፍ መስሏት ለልጇ የራሷን ብሔር መርጣ ነበር፤ ሌላውን ቋንቋ ከልጅቷ እንደሚያጠፉ አላወቀችም።

«እሺ፣ አንቺ ባርኪያ!» አለች ልጅቷ።

ትርንጎ አፏን ከፈተች። በአሥር ዓመት ትዳር የእሷ ድርሻ አሜን ማለት ብቻ ነበር። አሁን በዚህ ቤት ጋሞኛ የሚያውቅ ሰው የለም።