የጠፋው መገናኛ ሬድዮ

ቢሊሴ አሶሳ ውስጥ የአንድ እርዳታ ድርጅት ንብረት ክፍል ሠራተኛ ናት። ሾፌሮች ወደ ጾሬ ስደተኞች ጣቢያ ሲወጡ መገናኛ ሬድዮ ከእሷ ይወስዳሉ፤ ሲመለሱም ያስረክቧታል። በጥምቀት ሰሞን አንዱ ሬድዮ ጠፋ። ቢሊሴ በሰው ፊት፣ “ሌንጂሳ ነው የጣለው” አለች። ሾፌሩ ሌንጂሳ “መልሼልሻለሁ እህቴ” ቢልም የሰማው አልነበረም። ከሹፍርና ተነስቶ የግቢ ዘበኛ ሆነ።

ዛሬ፣ በሰኔ፣ ሬድዮውን ይዛ ሠራተኞቹ ምሳ ወደሚበሉበት የማንጎ ጥላ መጣች። ሌንጂሳም ከእነሱ ጋር ተቀምጧል፤ ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም።

“ሌንጂሳ፣ ይቅር በለኝ። ከመደርደሪያው ጀርባ ወድቆ ኖሯል። ዛሬ ጠዋት ሳጸዳ አገኘሁት።”

“ይሁን፣ እንኳን ተገኘ” አለና ተቀበላት። ገልበጥ አድርጎ አየው። “ባትሪውስ?”

“ባትሪው የለም። ባዶውን ነው ያገኘሁት።”

ሌንጂሳ ሬድዮውን ምግቡ አጠገብ አስቀመጠው። ሰዎቹ “ጎሽ፣ ይቅርታ መጠየቅሽ ደግ ነው” አሏት። እሷም ቀለል ብሏት ልትቀመጥ ስትል ሬድዮው ሿ አለ። ሊጎርስ የነበረው ሁሉ እጁን ገታ። ከዚያ ከባዶው ሬድዮ የራሷ የቢሊሴ ድምፅ፣ እንዳፈረ ሰው ዝግ ብሎ ተናገረ፤

“ያገኘሁት ከፋሲካ በፊት ነው። አፍሬ ደበቅኩት።”

ቢሊሴ አፏን በእጇ ያዘች። ድምፁ ግን አላቋረጠም።