አንድ ጆሮ የሚበቃው ማሽን

ዲጄው ማዳመጫውን ቀኝ ጆሮው ላይ ብቻ ደፍቶ ሁለተኛውን ኮንትሮለር፣ ዘፈን ማቀላቀያውን ማሽን፣ እንደ መጀመሪያው አድርጎ ይፈትናል። የሚጭነው ያንኑ ሁለት ዘፈን ነው። አንዱ በሱቁ ድምፅ ማጉያ ይጫወታል፤ ሌላው ተራው እስኪደርስ በማዳመጫው ውስጥ ብቻ ይሰማል። ድምፁን ከፍም ዝቅም አያደርግም። ከነካካው ልዩነቱ የማሽኑ ይሁን የእጁ በምን ያውቃል?

«ጋሼ፣ የዚህኛው መዘውር እኮ ትልቅ ነው፤ ለእጅ ይመቻል» ትላለች ሻጯ ከባንኮኒው ማዶ።

«መዘውሩ ይቆየኝ። የሚጫወተውንና የሚመጣውን አቀላቅሎ ባንድ ጆሮ የሚያሰማው ቁልፍ የታለ?»

«ይሄ የለውም፤ ያለው ያ ትንሹ ላይ ነው። ግን ምን ያደርግልዎታል? ሰው አንዱን ባንድ ጆሮ፣ ሌላውን በሌላው አይደል እንዴ የሚያዳምጠው?»

«ለኔ ያስፈልገኛል።»

«ወይ ጉድ!» ይላል በድምፁ ጎርናናው የሚባለው ጓደኛው፣ በስተቀኝ ከተደረደሩት ድምፅ ማጉያዎች አንዱ ላይ እንደተቀመጠ። መድረክ መሪ ነው፤ ዲጄው ባጫወተበት ሰርግ ሁሉ ማይክ የሚጨብጠው እሱ ነው። «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ሰውዬ ድሮ ስክሪን ላይ የሚያፈጥ ዲጄ ሲያይ ምን ይል እንደነበር ታውቂያለሽ? ‹መንገዱን ትቶ ካርታ የሚያነብ ሹፌር› እያለ ያላግጥ ነበር። አሁን ይኸው፣ አፍንጫው ስክሪኑን ሊነካ ምን ቀረው?»

«ሰው ይለወጣል» ይላል ዲጄው።

«አንተስ ተለወጥክ፤ እሱን ተወው።»

ሻጯ ትስቃለች። ጎርናናው ግን አይስቅም።

የዲጄው ግራ ጆሮ ከሁለት ወር በፊት፣ አንድ ጠዋት፣ መብራት እንደሚጠፋው ድርግም ብሎ ጠፍቷል። ሐኪሙ ከወዲያ ከወዲህ አይቶ፣ «አይመለስም» አለው። ለማንም አልተናገረም። ቤት ውስጥ የሚነግረው ሰው ካጣ ቆይቷል፤ ውጭ ደግሞ ጆሮው የሞተ ዲጄን ማን ሰርጌ ላይ አጫውትልኝ ይለዋል? ለጎርናናው ሊነግረው አስቦ ነበር። ግን መድረክ መሪ አፍ ላይ የገባ ነገር የት ይቆማል? መኪናውን የሚነዳው ጎርናናው ስለሆነ ሁልጊዜ የሚቀመጠው በዲጄው ግራ ነው። ወሬ ይጀምራል፣ መልስ ያጣል፣ ይተወዋል። ሰሞኑን እንዲያውም መኪናው ገና ሲነሳ ሬዲዮ መክፈት ጀምሯል።

ሻጯ ትንሹን ኮንትሮለር ከላፕቶፑ ጋር ታገናኝለታለች። የጫነችለት ሶፍትዌር ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ የዘፈኖቹን የድምፅ ሞገድ ግን ስክሪኑ ላይ አንዱን እዚህ፣ ሌላውን እዚያ ጥግ ይወረውረዋል። ሁለተኛው አንዱን ካንዱ በላይ ደርቦ ያሳያል፤ ምቱ በተመታ ቁጥር ደማቅ እንጨት መስሎ ብቅ ይላል። ጆሮ የሳተውን ዓይን ይይዘዋል።

ሁለተኛውን ይከፍታል። ያንኑ ሁለት ዘፈን ይጭናል። ቁልፉን እስከ መሃል ሲያዞረው ሁለቱም ዘፈኖች በቀኝ ጆሮው ይገባሉ፤ መጀመሪያ እየተገፋፉ፣ ቀጥሎ እየተጠባበቁ። በጣቱ ጫፍ መዘውሩን ትንሽ ወደፊት ገፋ ያደርገዋል። የላይኛውና የታችኛው እንጨቶች ይቀራረባሉ። በግራው በኩል የሰው ጥላ መጥቶ ይቆማል። ገበያተኛ ነው ብሎ ዓይኑን ከስክሪኑ አይነቅልም። እንጨቶቹ ይገጥማሉ። ከሁለት ወር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለት ዘፈን በአንድ እግር ሲሄድ ይሰማል፤ ራሱ ከምቱ ጋር እሺ፣ እሺ እንደሚል ሰው ወደላይ ወደታች ይነቀነቃል። ፊቱ ይፈካል። ጥላው ትንሽ ቆይቶ ይሄዳል።

«ይሄ ነው! አገኘሁት እኮ!» ብሎ ወደ ቀኙ ይዞራል።

ድምፅ ማጉያው ላይ ማንም የለም። ሻጯ በሩን እያየች ነው።

«የታለ ሰውዬው?»

«ወጣ» ትላለች። «አሁን አናግሮዎት አይደል?»

«ማን? እኔን?»

«እዚህ ጋ ቆሞ» በግራው በኩል ያለውን ባዶ ቦታ ታሳየዋለች። «ከቅዳሜው ሰርግ በኋላ ሌላ ሰው ፈልግ አለዎት። ለግድግዳ ማውራት ደከመኝ አለ። መልስ ሲያጣ፣ ‹ብንለያይ ይሻላል፣ አይደል?› አለዎት።»

«እኔስ?»

«እርስዎማ… ራስዎን ነቀነቁ። ደጋግመው። ፈገግ ብለው።»

ዲጄው ማዳመጫውን ከራሱ ላይ ያወርዳል። «ለዘፈኑ ነው እኮ» ይላል። «ለዘፈኑ ነው የነቀነቅኩት።» ሻጯ አልገባትም፤ ዓይን ዓይኑን ታየዋለች። እጁን ወደ ግራ ጆሮው ያነሳል፤ ሳያደርሰው ይመልሰዋል። ሁለቱ ዘፈኖች ሳይዛነፉ አብረው ይጫወታሉ። ዲጄው ትቷቸው ይወጣል።

መንገዱ ከሥራ በሚመለስ ሰው ታጭቋል። የታክሲ ረዳቶች ይጣራሉ፣ ሞተር ያጓራል፣ ተማሪዎች ይሳሳቃሉ።

«አንተ! ጎርናናው!» ብሎ ይጮሃል።

«እዚህ ነኝ!»

ያ በሺህ ሰው መሃል የሚለየው ድምፅ ነው፤ ቅርብ ነው። ከቀኝ ይመጣል። ወደ ቀኝ ይዞራል፤ የሱቅ ግድግዳ ብቻ ነው።

«ኧረ እዚህ ነኝ፣ ምነው?»

አሁንም ከቀኝ። እንደገና ይዞራል፤ መንገዱ ነው፣ የማያውቀው ፊት ነው። የሚሰማው ጆሮ ቀኙ ብቻ ነውና፣ በየትም ቢዞር ድምፁ አብሮት ዞሮ በቀኙ ይቆማል። ሰው ሁሉ ገለል እያለ ያልፈዋል።

«እየሰማሁህ ነው!» ይላል ዲጄው፣ መንገዱ መሃል እየተሽከረከረ። «እንዳትሄድ! እየሰማሁህ ነው!»