ለአብርሆት የተገኘው አባት

በዛወርቅ ኢንግሪድን መጀመሪያ ላይ ወድዳት ነበር። ሚሌኒየሙ በተከበረበት ዓመት ይህች ቀጭን ፈረንጅ ለአንድ ዓመት ያለ ደመወዝ ልጆች ልታጫውት ቦንጋ መምጣቷን ስትሰማ፣ «እናቷን እንዴት አስቻላት?» ብላ አዝናላት ነበር።

አሁን ግን ኢንግሪድ ልትሄድ ጥቂት ሳምንት ቀርቷታል፤ በዛወርቅም እንቅልፍ አጥታለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለቱም የሚሠሩበት የሕፃናት ማሳደጊያ ረጂ አጥቶ በሰኔ መጨረሻ ሊዘጋ ነው። ዘመድ ያላቸው ልጆች ወደ ዘመድ፣ የሌላቸው ወደ ጅማ ማሳደጊያ፣ ፈረንጅ የወደዳቸው ደግሞ ባሕር ማዶ ይሄዳሉ ተብሏል። በዛወርቅ እዚያ ሞግዚት ናት። አብርሆት ሺሺንዳ ገበያ ተጥላ ከተገኘች ጀምሮ ያሳደገቻት እሷ ናት። ልጅቷ ስድስት ዓመት ሞልቷት እንኳ የበዛወርቅን ነጠላ ጫፍ ካልጨበጠች እንቅልፍ አይወስዳትም።

አንድ ቀን ከኢንግሪድ ጋር ልጆቹን ስታጥብ ለኃላፊው ለአቶ ፈለቀ ደፍራ ተናግራ ነበር።

«ጋሼ፣ አብርሆትን ለእኔ ቢሰጡኝስ?»

«ባል የለሽ፤ እዚህ ሲዘጋ ደመወዝም የለሽ። ማን ይፈርምልሻል፣ በዛዬ?» አሏት ሳይከፉ።

ኢንግሪድ እስከ ክርኗ በሳሙና ተነክራ የአንዱን ልጅ ጭንቅላት ታሻለች። በዛወርቅ እንባዋን ዋጥ አድርጋ ውኃ ልትቀዳ ወጣች።

ከዚያ ሰሞን ጀምሮ ኢንግሪድ ተለወጠች። ጨዋታውን ትታ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ተመላላሽ ሆነች። ከአቶ ፈለቀ ጋር በር ዘግተው ያወራሉ፤ በዛወርቅ ስትገባ ዝም ይላሉ። አብርሆትን ፎቶ ቤት ወሰደቻት። «ለማስታወሻ» ብላ በዛወርቅንም አስነሣቻት።

አንድ እሑድ ደግሞ ሳትጠራ የበዛወርቅ ቤት ድረስ መጣች። አልጋውን በመዳፏ ተጫነች፣ ጣራውን አንጋጣ አየች።

«ዝናብ ይገባል?»

«አይገባም!» አለች በዛወርቅ፣ ይገባ ነበር እንጂ። አብርሆትን ለመውሰድ ድህነቷን ልትመሰክርባት እንደመጣች ገባት።

በማግስቱ ጎረቤቷ ሀፍሳ ከሱቋ ሆና ጠራቻት።

«በዛ፣ ያቺ ፈረንጅ ሰፈሩን ስላንቺ ስትጠይቅ ዋለች እኮ! ትጠጣለች ወይ፣ ልጅ ትመታለች ወይ፣ ያማታል ወይ። ወላሂ ምን ነክቷት ነው?»

«ምን አልሻት?»

«እንደሷ ያለ ሰው የለም አልኳታ። ሌላ ምን ልበል?»

በዛወርቅ ፊቷን አዙራ ወደ ቤቷ ገባች። ልጅቷን መውሰዷ ሳያንስ ስሟን አጥፍታ ልትወስዳት! ዓመት ሙሉ ከአንድ ሳህን ጎርሰው! እውነትም ሰው ሆዱ ዱር ነው።

ዓርብ ዕለት ኢንግሪድ ዐይኗ እያበራ መጣች። «ሰኞ ወረዳ እንሄዳለን። ጥሩ ቀሚስ ልበሺ፣ እሺ?»

«ለምን?»

«ሰኞ ታያለሽ።»

ልጄን ስትነጥቀኝ ለብሼ ልሸኛት ኖሯል፣ አለች በዛወርቅ በልቧ። ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ወደ ገጠር፣ ማንኪራ ሄደች። የአክስቷ ልጅ ከፈለኝ ቀፎ ሊሰቅል ዛፍ ላይ ነበር፤ የመጣችበትን ስትነግረው ከነቀፎው ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

«አባቷ ነኝ ልበል? እኔ? ሚስት እንኳ የለኝ!»

«እናቷ ሳትነግረኝ ጥላት ጠፋች በል። ፈረንጇ በሚቀጥለው ዓርብ ትሄዳለች። ያን ጊዜ ልጄን ትመልስልኛለህ። እኔም እመሰክርልሃለሁ። በእናትህ፣ ከፈለኝ! ከወሰዱብኝ እሞታለሁ።»

ከፈለኝ ወርዶ ጢሙን እያሻሸ ማሳውን ተመለከተ። «ጦጣው እሸቴን ጨረሰው» አለ። «ጠባቂ እንኳ የለኝም።» ከዚያ ግን እሺ አላት።

ሰኞ ከፈለኝ ከሰፈሩ ሁለት ምስክር ይዞ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ቀደመ። በዛወርቅ ሦስተኛ ሆና ገባች። የወረዳው ሹም ስሟን ሲሰሙ ቀና ብለው አዩዋት።

«በዛወርቅ? አንቺ ነሽ ይህን የምትመሰክሪው?»

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«አስበሽበታል?»

«አባቷ እሱ ነው» ብላ በሕያው እግዚአብሔር ማለች።

ሹሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንዳንቺ ያለ እውነተኛ ሰው በዚህ ዘመን ብርቅ ነው» አሏት።

ኢንግሪድና አቶ ፈለቀ አብርሆትን ይዘው ሲደርሱ ነገሩ አልቆ ነበር። አባት እያለ ለሌላ አይሰጥም ተባለ። ከፈለኝ የልጅቷን እጅ ያዘ። «እማ!» ብላ ጮኸች አብርሆት፤ ነጠላውን ከእጇ የፈለቀቁት ሁለት ሰዎች ናቸው። ኢንግሪድ ፊቷ አመድ መሰለ። አፏን ስትከፍት አቶ ፈለቀ ክንዷን ይዘው ሹክ ብለው አስቆሟት። በዛወርቅ ልቧ እየደማም ቢሆን ተንፈስ አለች። እስከ ዓርብ ነው።

እስከ ዓርብ ግን አንጀቷ አልቻለም። ረቡዕ ማንኪራ ስትደርስ አብርሆት በዝናብ ማሳው መሀል ቆማ ቆርቆሮ ትደበድባለች። ከፈለኝ በሩ ላይ ጠበቃት።

«ልጄን ምን ፈለግሽ?»

«የማንን ልጅ? ቃልህስ፣ ከፈለኝ!»

«ወረዳ ፈርሞ የሰጠኝ ልጄ ናት። ምለሽ የሰጠሽኝም አንቺ ነሽ። ውሸት ነው ካልሽ ሂጂና ተናገሪ፤ አብረን እንታሰር።»

መሬት ላይ ተንከባለለች፣ እግሩን ሳመች። በሩን ዘጋባት። ያን ሁሉ መንገድ እያለቀሰች ስትመለስ አንዲት መጽናኛ ብቻ ነበረቻት፤ ልጅቷ ቢያንስ ባሕር አልተሻገረችም። ከፈለኝ ክፉ ቢሆንም ያገር ሰው ነው። ፈረንጇ ብትወስዳት ኖሮ በዐይኗም አታያትም ነበር። ይህችን እየደጋገመች አደረች።

ዓርብ መናኸሪያ ኢንግሪድን ልትሸኝ የሄደችው ለይሉኝታ ነው። አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል ኢንግሪድ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች።

«እትዬ በዛ፣ አቶ ፈለቀ አትንገሪያት አለኝ፤ ከሆነ በኋላ ደስ እንዲልሽ» አለች። «አብርሆትን የለመንኩት ላንቺ ነበር።»